የሯጩ የማሞ ወልዴ ታሪክ

ከሐረር ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አንዱ ሸዋ በር ይባላል። በሩ ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት በዚያ የሚወጣ መንገደኛ ፊቱን ወደ ሸዋ አቅንቶ ይሄዳል። ከበሩ ውጭ ገበያ አለ፤ ስለዚህ የባላገር ሰዎች ሸክማቸውን ይዘው በማለዳ ይደርሳሉ። ከእነርሱም መካከል ገና ሳይነጋ ተነሥተው በእግራቸው ብዙ መንገድ የመጡ ይገኛሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው ከሸዋ በር ተነሥቶ የድሬዳዋን መንገድ ይዞ ሮጠ እንበል። አወዳይን ያልፋል፤ ሐረማያን ያልፋል፤ አዴሌን ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን ቁልቁለት ይይዛል። ድሬዳዋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይሞላል። ማራቶን የሚባለው ሩጫ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው። ማሞ ወልዴ ይህን ያህል መንገድ በሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሮጦ ከየአገሩ የተሰበሰቡትን ሯጮች ሁሉ የቀደመ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ የማሞ ታሪክ የሚጀምረው በመቅደም አይደለም። በኦሎምፒክ ጨዋታ መጀመሪያ በሮጠ ጊዜ በሦስት ውድድር ገብቶ በሦስቱም ከምድቡ ሯጮች በኋላ ደረሰ። ያን ጊዜ ያየው ሰው ይህ ወጣት አንድ ቀን ይቀድማል ብሎ ባልገመተም ነበር።

ማሞ የተወለደው ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ ድሬ ጂሌ በምትባል መንደር ነው። መንደሪቱ ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ገባ። በዚያን ዘመን በሩቅ ምሥራቅ በኮርያ አገር ጦርነት ነበረና ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሆና ቃኘው የተባለውን ጦሯን ትልክ ነበር። ማሞም ከ1945 እስከ 1947 ዓ.ም. በዚያ አገለገለ። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ መጀመሪያ የሄደው ለጨዋታ ሳይሆን ለውትድርና ነው።

ከኮርያ ከተመለሰ በኋላ ሩጫ ያዘ። ክብር ዘበኛ ወታደሮቹን በስፖርት የሚያሠለጥን ነበረ። ከስዊድን አገር የመጣው ኦኒ ኒስካነን የተባለው መምህርም ወጣቶቹን በሜዳም በዳገትም እያስሮጠ ማን ምን እንደሚችል ይመረምር ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ለዓለም ውድድር መሮጥ ምን እንደሚመስል ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም። አገራችን በኦሎምፒክ ጨዋታ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ አልተካፈለችም።

የመጀመሪያው ጕዞ በ1949 ዓ.ም. ሆነ። ጨዋታው የተዘጋጀው በአውስትራልያ፥ ሜልቦርን በሚባለው ከተማ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ከዓሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በካርታ ላይ ጣቱን የሚያስኬድ ተማሪ የሕንድን ውቅያኖስ በሙሉ መሻገር አለበት። ከኢትዮጵያ የሄዱት ተወዳዳሪዎች ዓሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሯጮችና ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ኅዳር 13 ቀን ጨዋታው ሲከፈት አረንጓዴ ብጫ ቀዩን ሰንደቅ ዓላማ አስቀድመው መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ ተሰለፉ። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ኢትዮጵያ ወዴት እንደምትገኝ የሚያውቅ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ማሞ የተመደበው በ800 ሜትር፥ በ1,500 ሜትርና አራት ሰዎች ዱላ እየተቀባበሉ በሚሮጡት ሩጫ ነበር። እነዚህ አጫጭር ሩጫዎች ናቸው። የ800 ሜትሩ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሚያልቅ ነውና አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ የለውም። የብዙ አገር ሯጮች ስለሚመጡ አስቀድሞ በየምድቡ ማጣሪያ ይደረጋል፤ ወደ ፊት የሚያልፉት ከፊት የደረሱት ብቻ ናቸው። ማሞ በ800 ሜትር ማጣሪያ ሮጦ ከምድቡ መጨረሻ ሆነ። በ1,500 ሜትር ደግሞ ሮጦ መጨረሻ ሆነ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ዱላ ተቀባብሎ ሲሮጥም ቡድናቸው ከምድቡ መጨረሻ ደረሰ። ከዓሥራ ሁለቱም አንድ እንኳ ሜዳሊያ ያገኘ የለም። መንገዱን ሁሉ ተሻግረው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እንዲህ ያለ ጕዞ በአገር ቤት ወሬው ቶሎ ይጠፋል። ሰው ስለ አሸናፊ ማውራት ይወዳል፤ ስለ ተሸናፊ ግን ወይ ይስቃል ወይ ዝም ይላል። ሆኖም ያ ጕዞ በከንቱ የቀረ አልነበረም። ተወዳዳሪዎቹ በጀርባው ላይ የኢትዮጵያ ስም የተጻፈበት ልብስ ለብሰው ሲሰለፉ ከክብር ዘበኛ ወታደሮች አንዱ ቆሞ አያቸውና ያን ልብስ ለመልበስ በልቡ ቈረጠ ይባላል። የዚያ ወታደር ስም አበበ ቢቂላ ነው። እንግዲህ ከዓለም ኋላ ሊቀሩ የሄዱት እነዚያ ዓሥራ ሁለት ሰዎች ሳያውቁት ለታላቁ ሯጭ መንገድ አመለከቱት ማለት ነው።

ማሞም ሩጫውን አልተወም፤ ነገር ግን ዓይነቱን ለወጠ። አጭር ሩጫ በድንገት የሚፈነዳ ጕልበት ይጠይቃል። ረጅም ሩጫ ግን ልብና ሳንባ ሳይደክሙ ብዙ ጊዜ እንዲሠሩ ይፈልጋል። ማሞ የተወለደውና ያደገው አየሩ ስስ በሆነ ደጋ ነበርና ሰውነቱ ለሁለተኛው ይመች ነበር። በ800 ሜትር የተሸነፈው ሰው ቀስ በቀስ ወደ 10,000 ሜትርና ወደ ማራቶን ዞረ። ይህም በአንድ ዓመት የተፈጸመ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወስዶበታል።

ሁለተኛው ጨዋታ በ1952 ዓ.ም. በሮም ተደረገ፤ ማሞ ግን አልሄደም። በዚያ ዓመት በኮንጎ ሁከት ተነሥቶ ኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪ ጦር ትልክ ነበር። አንዱ ወገን ማሞ ወደ ኮንጎ ይሂድ አለ፤ ሌላው ወገን ወደ ሮም ይሂድ አለ፤ በመካከሉ ከሁለቱም ቀረ። ማሞ ራሱ በኋላ ዘመን የተናገረው ይህንኑ ነው። እርሱ በአገር ቤት ሳለ አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ በሮም ማራቶን ድል አደረገ። በአንድ ሠራዊት አብረው የሚሮጡ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን የአንደኛው ስም በዓለም ሁሉ ተጠራ፥ የሁለተኛውን ስም ከጃንሜዳ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም።

በጓደኛ ክብር መደሰት ቀላል መስሎ የሚታየው ጓደኛው በማንሠራው ሥራ ሲከብር ነው። በራሳችን ሥራ ሲቀድመን ግን ልብ ይፈተናል። ማሞ ስምንት ዓመት ያህል በአበበ ጥላ ሥር ሮጠ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ጨዋታ ሁለቱም አብረው ሄዱ። በ10,000 ሜትር ማሞ ከፊተኞቹ ጋር ብዙ ዙር ሮጦ አራተኛ ወጣ፤ ከፊቱ የቀደሙት አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ፥ የቱኒዝያው መሐመድ ጋሙዲና አውስትራልያዊው ሮን ክላርክ ነበሩ። ሜዳሊያ የሚሰጠው እስከ ሦስተኛው ድረስ ነውና አራተኛ የወጣ ሰው እጅግ ቀርቦ ያጣ ነው። ጥቅምት 11 ቀን ማራቶን ሲሮጥ ደግሞ ማሞ ሳይጨርስ ከመንገድ ወጣ። አበበ ግን ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ ከታከመ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ሁሉን ቀድሞ ገባ።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነበር፤ በሜልቦርን ሦስት ጊዜ መጨረሻ፥ በሮም መቅረት፥ በቶኪዮ አራተኛነትና ማቋረጥ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ባለ ነበር። ዕድሜውም ወደ ሠላሳ ሦስት ዓመት ደርሶ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ጨዋታው በሜክሲኮ ከተማ ሆነ። ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍ ብላ የተሠራች ናት። ከሐረር ትበልጣለች፤ ሐረር 1,850 ሜትር ያህል ናትና። ከአዲስ አበባ ግን ታንሳለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከቆላና ከባሕር ዳር የመጣ ሯጭ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለደጋ ሰው ግን እንደ ቤቱ ነው። ጥቅምት 3 ቀን የ10,000 ሜትር ሩጫ በተደረገ ጊዜ ይህ ነገር በግልጥ ታየ። ከደጋ የመጡት ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙና ማሞ እስከ መጨረሻው ተያይዘው ሮጡ፤ ቴሙ ማሞን የቀደመው አንድ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነበር። ማሞም የብር ሜዳሊያ ተሸለመ። ከሜልቦርን ወዲህ ዓሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከሰባት ቀን በኋላ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማራቶን ተጀመረ። ከየአገሩ የመጡ 75 ሯጮች ተሰለፉ። የሕዝቡ ሁሉ ዓይን በአበበ ቢቂላ ላይ ነበር፤ በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው ሰው ሦስተኛ ጊዜ ያሸንፍ እንደ ሆነ ለማየት ይጠባበቁ ነበር። ነገር ግን አበበ እግሩን ታምሞ ነበር። ሕመሙን ይዞ ከሌሎች ጋር ተነሣ፤ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ያህልም ሮጠ። ይህ ርቀት ከሸዋ በር ተነሥቶ ወደ ሐረማያ የመድረስ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ስለጠናበት መቀጠል አልቻለም። ከመቆሙ በፊት ማሞን ወደ ፊት እንዲሄድና የአገሩን ስም እንዲጠብቅ አደራ አለው ተብሎ ይነገራል።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማሞ ሁለተኛ ሰው ነበር። ሁለተኛ ሰው ቢደክም ከፊቱ ሌላ አለ፤ ቢሸነፍም የሚወቅሰው የለም። አበበ ከመንገድ በወጣ ጊዜ ግን ሸክሙ ሁሉ በማሞ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከፊቱ ገና ከመንገዱ እኩሌታ የሚበልጥ ቀርቶት ነበር፤ ከአንድ ሳምንት በፊት የሮጠው የ10,000 ሜትር ድካምም ከሰውነቱ ሁሉ ወጥቶ አልቆ እንደ ሆነ ማን ያውቃል። ማሞ አልቸኰለም። በመጀመሪያ ከፊተኞቹ ጋር ተጠግቶ ሮጠ፤ ሌሎች ሲደክሙ እርሱ ርምጃውን ሳይለውጥ ቀስ በቀስ ጥሏቸው ሄደ። ወደ መጨረሻውም ብቻውን ሆነ።

ወደ ስታዲዮሙ በገባ ጊዜ የተከተለው ሰው አልታየም። በሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ጨረሰ። ሁለተኛ የሆነው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሦስተኛውም የኒው ዚላንዱ ማይክ ራያን ነበር። በኦሎምፒክ ማራቶን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈች አገር ኢትዮጵያ ሆነች። ማሞ ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በዚያው ቀን ሌላ ሊታወስ የሚገባ ነገር ሆነ። ከተነሡት 75 ሯጮች የጨረሱት 57 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም የመጨረሻው ጆን ስቲቨን አኽዋሪ የሚባል የታንዛንያ ሰው ነበር። በመንገድ ወድቆ ጕልበቱ ስለተጎዳ በጨርቅ ታስሮለት እያነከሰ ሮጠ። ወደ ስታዲዮሙ የደረሰው ማሞ ከገባ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን ፀሐይ ጠልቃ ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ ነበር። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡለት። ዛሬ ስለዚያ ሩጫ የሚጽፉ ሰዎች የፊተኛውን አንሥተው የኋለኛውን አይተዉም። በሜልቦርን ከኋላ ደርሶ የነበረው ማሞ፥ የአኽዋሪን ሁኔታ ከብዙዎች ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነበር።

ማሞ ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ሮጠና ለአራተኛ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ሄደ። ይህ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የተደረገው ጨዋታ ነው። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሆነ፤ ልክ ከዓሥራ ሁለት ዓመት በፊት አበበ በሮም ያሸነፈበት ቀን ነው። አበበ ያን ጊዜ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሰልለው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሆኖ ነበር፤ በክብር ተጠርቶም በሙኒክ ተገኝቶ ነበር። ማሞ በአርባ ዓመቱ ከእርሱ እጅግ ከሚያንሱ ወጣቶች ጋር ሮጦ አሜሪካዊውን ፍራንክ ሾርተርንና የቤልጅጉን ካረል ሊስሞን ተከትሎ ሦስተኛ ወጣ። ጊዜውም ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ነው። በሜክሲኮ ካሸነፈበት ጊዜ በአምስት ደቂቃ የሚበልጥ ፍጥነት ነበረ፤ ሙኒክ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ አየሩም ለሁሉ የሚመች ነበርና። በሁለት ተከታታይ የኦሎምፒክ ማራቶን ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ከአበበ ቀጥሎ እርሱ ብቻ ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በማራቶን አሸነፈ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በአርባ አንድ ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ለውጥ ተነሣ፥ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ክብር ዘበኛም ፈረሰ። የወታደር መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ብዙ ደም ፈሰሰ። ማሞ በሚኖርበት ቀበሌ ሹም ሆኖ ያገለግል ነበር። ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ማሞ ተያዘ፤ የተከሰሰውም በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን አንድ የዓሥራ አምስት ዓመት ልጅ በተገደለበት ነገር ተካፍሏል ተብሎ ነው። እርሱ በስፍራው እንደ ነበረ ሳይክድ መግደሉን ግን ካደ። ፍርዱ ሳይሰጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቤት ቆየ። በውጭ አገር ያሉ የኦሎምፒክ ሹማምንት ጕዳዩ እንዲታይ ደጋግመው ጠየቁ።

ይህን ነገር ከታሪኩ ቈርጦ መጣል አይገባም። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ፍርድ ይፈልጋሉ፤ የተከሰሰም ሰው ፍርዱ ሳይዘገይ እንዲሰጠው ይገባል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ተገናኙ። በጥር ወር 1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት። ታስሮ የቆየው ግን ከዚያ የሚበልጥ ስለሆነ ተለቀቀ። ሲወጣ ያ ሲሮጥ የማይደክም ሰውነት በሕመም ተጎድቶ ነበር።

በቤቱ የኖረው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ በአዲስ አበባ አረፈ። የተቀበረውም አበበ ቢቂላ ባለበት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው።